ዣክ ፕላንት፤ በመረብ ፊት መቆምን ያስተማረ በረኛ

ከዓለም ስፖርተኞች መካከል ስማቸው ለብዙ ዘመን ሲነሣ የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ግብ ያገቡት ናቸው። ግብ እንዳይገባ የከለከለው ሰው ግን የድካሙ ፍሬ ያልሆነ ነገር ስለ ሆነ፤ ተመልካቹ ከሜዳው ሲወጣ ቶሎ ይረሳዋል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢያችን ልናቀርብ ያሰብነው ካናዳዊው ዣክ ፕላንት ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው ነው። በበረዶ ላይ በሚደረገው የሆኪ ጨዋታ በረኛ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲሰለፍ፤ አንድ በረኛ የት፤ እንዴትና መቼ መቆም እንደሚገባው በሐሳቡ መርምሮ፤ በሜዳ ላይ ፈትኖ፤ በመጨረሻም በመጽሐፍ ጽፎ ለጀማሪዎች አስተላልፏል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን ለመግለጽ እንወዳለን።

የበረዶ ሆኪ ለአገራችን ሰው እንግዳ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ ከእኛ ፈጽሞ የራቀ ነው ለማለት አይቻልም። በገና ሰሞን ጎልማሶች በቆልማማ ዱላ ሩር እየመቱ በሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ያየ ሰው፤ በሣሩ ፈንታ በረዶ፤ በሩሯ ፈንታ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገር፤ በተራው ጫማ ፈንታ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ በሐሳቡ ቢተካ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ያችን ጠፍጣፋ ጎማ ፓክ ይሏታል። ውፍረቷ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል፤ የክቧ ስፋት 7 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ክብደቷም ከ156 እስከ 170 ግራም ይደርሳል። በበረዶው ላይ እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ስለምትቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ትጠነክራለች። ጎበዝ መቺ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ሊሰዳት ይችላል። ከእያንዳንዱ ወገን 6 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከነዚህ አንዱ በረኛው ነው። የሚጠብቀው በር ወርዱ 1 ሜትር ከ83፤ ከፍታው 1 ሜትር ከ22 ሳንቲሜትር ነው። ከእግር ኳስ በር ጋር ሲያስተያዩት የልጆች መጫወቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊቱ የምትመጣው ነገር ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነች መሆኗን ያሰበ ሰው አይንቀውም።

ዣክ ፕላንት የተወለደው በ1929 ዓ.ም. ጃንዋሪ 17 ቀን፤ በካናዳ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩበት በኬቤክ ክፍለ ሀገር፤ ኖትር ዳም ዱ ሞን ካርሜል በምትባል መንደር አጠገብ በነበረ የእርሻ ቤት ነው። ወላጆቹ ከወለዷቸው 11 ልጆች እርሱ የበኩሩ ነበረ። ቤተ ሰቡ ወደ ሻዊኒጋን ፎልስ ከተማ ተዛውሮ አባቱ ከዚያ በፋብሪካ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ጊዜው በዓለም ሁሉ የገንዘብ ችግር የጸናበት ስለ ነበረ፤ ለልጆች መጫወቻ ከሱቅ መግዛት የማይታሰብ ነገር ነበረ። ስለዚህ አባቱ የበረኛ ዱላ ከዛፍ ሥር ጠርቦ ሰጠው። ልጁም መንሸራተቻ ጫማ ሳይኖረው፤ በፓክ ፈንታ በቴኒስ ኳስ መጫወት ጀመረ። የእግር መከላከያው ደግሞ በእንጨት ጠፍጣፋ የተደገፈና የታጨቀ የድንች ጆንያ ነበረ፤ እርሱንም የሠራው አባቱ ነው። ደንበኛውን የበረኛ ዱላ ያገኘው በ1936 ዓ.ም. ለልደት በዓል በስጦታ መልክ ነው።

በልጅነቱ ሁለት ክፉ ነገሮች ደርሰውበታል። አንደኛው የአስም በሽታ ነው። ብዙ መሮጥና መንሸራተት ትንፋሹን ስለሚቆርጠው፤ እንደ ጓደኞቹ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ መብረር አልቻለም፤ ስለዚህ ወደ በሩ አዘነበለ። ሁለተኛው፤ በአምስት ዓመቱ ከመሰላል ወድቆ እጁን ሰበረ። ስብራቱ በደንብ ስላልገጠመ የግራ እጁን እንደ ልቡ ማዞር አልቻለም። በረኛ ከፍ ብላ የምትመጣውን ፓክ የሚይዘው በዚሁ እጅ ነው። እኛ እንደምንገምተው የዚህ ሰው ጥበብ ሥሩ ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እጁ የማይደርስበትን ነገር በሰውነቱ ለመዝጋት ተገደደ፤ በሰውነት ለመዝጋት ደግሞ ፓኳ ከመምጣቷ በፊት በትክክለኛው ስፍራ መገኘት ግድ ነው። የእጁን ጕድለት በቦታ አያያዝ መካስ ነበረበት ማለት ነው።

የኬቤክ ክረምት አጥንት የሚሰብር ብርድ አለው፤ ልጆቹም የሚጫወቱት ከቤት ውጭ ነበረ። እናቱ የሱፍ ቆብ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረችው። እርሱም ተምሮ ቆቡን ራሱ ይሠራ ጀመር። ይህንን የእጅ ሥራ እስከ ሕይወቱ መጨረሻ አልተወውም፤ ታላቅ ስፖርተኛ ከሆነም በኋላ ሹራብና ጥልፍ ሲሠራ ይታይ ነበረ። ጓደኞቹ ይሥቁበት እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም፤ እርሱ ግን ለሰው ሣቅ ግድ ያለው ሰው አልነበረም። ይህ ጠባዩ ወደ ኋላ ትልቅ ነገር እንዲያደርግ ረድቶታል።

በ12 ዓመቱ አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ቡድን ልምምድ ሲያደርግ ቆሞ ይመለከት ነበረ። አሠልጣኙ ከበረኛው ጋር በአጨዋወቱ ምክንያት ተጣልቶ ከሜዳው አስወጣው። ትንሹ ፕላንት ቀረብ ብሎ እኔ ልግባ ሲል ለመነ። ሌላ በረኛ በአጠገቡ ስላልነበረ አሠልጣኙ ፈቀደለት። ሌሎቹ ተጫዋቾች እስከ 17 ዓመት የደረሱ ነበሩ፤ ቢሆንም ልጁ ከነርሱ የማያንስ መሆኑ ወዲያው ታወቀና የቡድኑ አንደኛ በረኛ ሆኖ ቀረ። በ14 ዓመቱ ለአምስት ልዩ ልዩ ቡድኖች ይጫወት ነበረ። ከነዚህ አንዱ የፋብሪካ ቡድን ነው። ሌሎቹ ተጫዋቾች የፋብሪካው ሠራተኞች በመሆናቸው ደመወዝ እንደሚያገኙ አባቱ በነገረው ጊዜ፤ ልጁ አሠልጣኙን ዘንድ ሄዶ እርሱም እንዲከፈለው ጠየቀ። ለአንድ ጨዋታ 50 ሳንቲም ተቈረጠለት። የመጀመሪያ ደመወዙ ይህ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላም በገንዘብ ረገድ የሚገባውን ሳይጠይቅ የቀረበት ጊዜ የለም ይባላል።

በ1947 ዓ.ም. ለኬቤክ ሲታዴል ቡድን መጫወት ጀመረ። የዚያን ዘመን በረኛ ከበሩ መስመር ላይ ተተክሎ፤ የምትመጣውን ፓክ እየጠበቀ ይመክት ነበረ እንጂ ከክልሉ አይወጣም፤ መውጣት እንደ ድፍረት፤ እንዲያውም እንደ እብደት ይቈጠር ነበረ። የሲታዴል ተከላካዮች ግን ደካሞች ነበሩ። ፓኳ ከበሩ በስተኋላ ስትወድቅ ቶሎ ደርሰው አያወጧትም። ፕላንት ይህንን ብዙ ጊዜ ካየ በኋላ በሩን ትቶ እየወጣ፤ ከኋላ ያለችውን ፓክ ራሱ እየደረሰባት ለጓደኞቹ ማቀበል ጀመረ። ሕዝቡ በጣም ተደሰተ፤ ኃላፊዎቹ ግን ተቈጡ። በረኛ በሩን ጥሎ ሲሄድ ባዶው መረብ ለጠላት ይቀራል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ስሕተቱ በሺሕ ሰው ፊት የሚታይ ነው። እርሱ ግን ሒሳቡን ሠርቶ ነበረ፤ አንድ ጊዜ በመሳሳት የሚገባው ግብ፤ ሳይወጣ በመቅረቱ ከሚገቡት ግቦች እንደሚያንስ ተረድቶ ነበረ። ቡድኑም የሞንትሪያልን የወጣቶች ቡድን በመጨረሻው ውድድር አሸነፈ።

በ1949 ዓ.ም. ኦገስት ወር ከታላቁ ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። በመጀመሪያ ግን በታናናሾቹ ቡድኖች ውስጥ ነበረ የተመደበው። ወደ ዋናው ቡድን በ1952 እና በ53 የውድድር ዘመን ሲጠራ፤ አሠልጣኙ ዲክ ኧርቪን በራሱ ላይ የደፋትን የሱፍ ቆብ አልወደዳትም። የቡድኑ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው ይፈልግ ነበረና ቆቡ ቀረች። በሦስት ጨዋታዎች ላይ ተሰልፎ 4 ግብ ብቻ ገባበት። በዚያው ዘመን ካናዲየንስ በሻምፒዮና ማጣሪያ ከቺካጎ ቡድን ጋር ሲጋጠም 3 ለ 2 ተመርቶ ነበረ፤ አንድ ጨዋታ ቢሸነፍ ዓመቱ በከንቱ ያልፋል። ኧርቪን ነባሩን በረኛ ጄሪ ማክኒልን አስቀምጦ፤ እንዲህ ያለ ከባድ ጨዋታ አይቶ የማያውቀውን ፕላንትን አስገባ። ፕላንት አንድም ግብ ሳይገባበት ወጣ። ቡድኑ ቀጥሎ ያለውንም አሸንፎ በመጨረሻ የስታንሊን ዋንጫ ወሰደ። በ1954 ዓ.ም. የግራ እጁ በቀዶ ሕክምና ተስተካከለለትና ከዚያ ወዲህ ቦታው ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ማለት ወደ ቦታ አያያዙ እንግባ። በትምህርት ቤት ጂኦሜትሪን የተማረ ወጣት ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። ፓኳን የያዘው መቺ ከበሩ ፊት ለፊት በ10 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል እንበል። ከፓኳ ተነሥተን ወደ ሁለቱ ቋሚዎች ሁለት መስመር ብናሰምር ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የዚህ ሦስት ማዕዘን መሠረት በሩ ነው። በረኛው ከመስመሩ ላይ ቢቆም የሚጠብቀው ወርድ 183 ሳንቲሜትር ነው። ሁለት ሜትር ወደ ፊት ቢራመድ ግን በቆመበት ስፍራ የሦስት ማዕዘኑ ወርድ 146 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ሦስት ሜትር ቢወጣ ወደ 128 ዝቅ ይላል። ሰውነቱ አልገዘፈም፤ እጁም አልረዘመም፤ በሩ ግን ጠበበ። በአንጻሩ ደግሞ በወጣ ቍጥር ከጎኑ አልፎ የሚሄድ ሰው ወይም ወደ ሌላ ተጫዋች የሚቀበል ፓክ ያሰጋዋል። ስለዚህ ጥበቡ መውጣት ብቻ ሳይሆን የመውጫውን መጠን ማወቅ ነው። መቺው ብቻውን ከሆነ ወጣ ማለት፤ በአጠገቡ ጓደኛ ካለው መጠንቀቅ፤ እየገሰገሰ ሲቀርብ ደግሞ በእርሱ ፍጥነት ልክ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ይህ ሒሳብ ለበረዶ ብቻ የተሠራ አይደለም። በሰሚት በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎቹ መካከል ባሉት ክፍት ቦታዎች ላይ፤ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ከሥራ ስንመለስ ቆም ብለን እናያለን። ብዙውን ጊዜ በረኛ የሚሆነው ትንሹ ወይም ኳስ የማይችለው ልጅ ነው። እርሱም በሁለቱ ድንጋዮች መካከል በመስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል። የታላላቆቹን የእግር ኳስ በር ብንወስድ ወርዱ 7 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ነው፤ ኳሱ በ11 ሜትር ርቀት ላይ ያለ እንደ ሆነና በረኛው 3 ሜትር ወደ ፊት ቢወጣ የሚጠብቀው ወርድ 5 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ሜትር ያህል በር ያለ አንዳች ዝላይ ተዘጋ ማለት ነው። የሰሚቱ ልጅ ይህንን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ፤ በረኝነት ለቅጣት የሚሰጥ ቦታ መስሎ አይታየውም ነበረ።

ለጀማሪ የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ከማን ፊት መቆም እንደሚገባው መለየት ነው። አዲስ በረኛ የሚቆመው በመቺው ሰው ደረት ትይዩ ነው። ነገር ግን ግብ የምትሆነው ሰውዬው ሳይሆን ፓኳ ናት፤ ፓኳም የምትገኘው በዱላው ጫፍ ላይ፤ ከሰውነቱ አንድ ሜትር ያህል በጎን በኩል ነው። ስለዚህ መስመሩ መነሣት ያለበት ከፓኳ ወደ በሩ መካከል ነው፤ በረኛውም ይህ መስመር ደረቱን ለሁለት እንዲከፍለው ሆኖ ይቆማል። በሩን ዞሮ ማየት አይችልም፤ ከፓኳ ላይ ዓይኑን ማንሣት የለበትምና። ስለሆነም በዱላው ወይም በእጁ ቋሚዎቹን ነካ እያደረገ የት እንዳለ ያረጋግጣል። ፕላንት ይህንን በሚገባ ያውቅ ነበረ። በአንዳንድ ከተሞች ሲጫወት አግዳሚው ብረት ጀርባውን የሚነካው ከለመደው ስፍራ ዝቅ ብሎ መሆኑን አስተዋለና በሮቹ ከደንቡ ያጠሩ ናቸው ሲል ተናገረ። ሰዎች ምክንያት ፈላጊ ነው ብለው አሙት። በኋላ ሲለካ እርሱ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከሚጠብቀው በር ጋር እስከዚህ ድረስ የተዋወቀ በረኛ ከዚያ በፊት ስለ መኖሩ አልሰማንም።

ከ1956 እስከ 1960 ዓ.ም. ካናዲየንስ የስታንሊን ዋንጫ አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ፤ ይህም እስከ ዛሬ ማንም ያልደረሰበት ነው። በነዚያው አምስት ዓመታት ፕላንት ለበረኞች የሚሰጠውን የቬዚና ሽልማት በየዓመቱ ተቀበለ። ተከላካዮቹ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጥተው ፓክ ለማምጣት ሲሮጡ የሚሆነውን ስለማያዩ፤ በእጅ ምልክት እየሰጠ ይመራቸው ነበረ። ከሁሉ በስተኋላ የቆመው ሰው ሜዳውን ሁሉ የሚያይ መሆኑን ከተገነዘቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እርሱ ነው።

ስሙ በዓለም የተሰማው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በጭንብሉ። በዚያ ዘመን በረኞች ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ይጫወቱ ነበረ። ቀደም ሲል በ1930 ዓ.ም. ክሊንት ቤኔዲክት የተባለ በረኛ የቆዳ ጭንብል ለጥቂት ጊዜ አድርጎ ነበረ፤ ልማድ ሆኖ ግን አልቀረም። ፊት መሸፈን የፍርሃት ምልክት ነው ይባል ነበረ። ፕላንት አፍንጫውንና ጕንጩን ብዙ ጊዜ ተመትቷል። ቢል በርችሞር የተባለ የፋይበርግላስ ኩባንያ ሠራተኛ ከፊቱ ላይ ቅርጽ ወስዶ በልኩ ጭንብል ሠራለት። አሠልጣኙ ቶ ብሌክ በልምምድ ጊዜ እንዲያደርገው ፈቀደለት፤ በውድድር ጊዜ ግን ዓይኑን ይጋርደዋል ብሎ ከለከለ።

በ1959 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን በኒውዮርክ ከሬንጀርስ ጋር ጨዋታ ነበረ። ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ ግድም አንዲ ባትጌት የመታት ፓክ የፕላንትን አፍንጫ ቀደደችው። ደሙ እየፈሰሰ ወደ መልበሻው ክፍል ወስደው ሰፉለት። በዚያ ዘመን ቡድኖች ሁለተኛ በረኛ ይዘው አይጓዙም ነበረ። ብሌክ እንዲመለስ ሲጠይቀው፤ ያለ ጭንብል አልገባም አለ። ይህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ከዋናው አሠልጣኝ ጋር በዚህ መልክ የተጋጨ ተጫዋች እንጀራውን ሊያጣ ይችላል፤ ሰዎችም ፈሪ ብለው ስሙን ሊያጠፉት ይችላሉ። ብሌክ ተናደደ፤ ግን የሚያስገባው ሌላ ሰው ስላልነበረው፤ ቍስሉ ሲድን እንዲያወልቀው ብሎ ፈቀደ። ፕላንት በነጩ ጭንብል ተሸፍኖ ወደ በሩ ተመለሰ። ካናዲየንስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ቍስሉ ከዳነ በኋላም አላወለቀውም፤ ቡድኑ 18 ጨዋታ ሳይሸነፍ ስለ ቈየ አሠልጣኙ ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓመት ማርች 8 ቀን በብሌክ ጥያቄ ያለ ጭንብል ተሰለፈና ቡድኑ በዲትሮይት 3 ለ 0 ተሸነፈ። ከማግሥቱ ጀምሮ ጭንብሉ ተመልሶ አልወለቀም።

ጭንብሉና የቦታ አያያዙ የተለያዩ ነገሮች መስለው ይታዩ ይሆናል። እኛ ግን አንድ ናቸው እንላለን። ፊቱ ባዶ የሆነ በረኛ ወደ መቺው ሲቀርብ ሳይወድ ራሱን ያዞራል፤ ዓይኑንም ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ደግሞ ማዕዘኑን አስተካክሎ መያዝ አይችልም።

የ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእኛም የማይረሳ ነው፤ በጃንዋሪ ወር የኢትዮጵያ ቡድን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዓረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዷል። በዚያው የውድድር ዘመን ፕላንት በ70ዎቹም የማጣሪያ ጨዋታዎች ላይ ተሰልፎ፤ ከበረኞች ሽልማት በላይ የማኅበሩ ከፍተኛ ተጫዋች የሚቀበለውን የሃርት ዋንጫ አገኘ። ከእርሱ በኋላ ይህንን ዋንጫ ሌላ በረኛ የወሰደው በ1997 ዓ.ም. ነው።

ስለ ጠባዩ መልካሙን ብቻ ጽፈን ብናልፍ ታሪኩን አጕድለናል። ፕላንት ብቸኛ ሰው ነበረ፤ ከጓደኞቹ ጋር ብዙ አይቀላቀልም። በቶሮንቶ ቡድኑ የሚያርፍበት ሆቴል አስሜን ያስነሣብኛል እያለ ከሌላ ሆቴል ያድር ነበረ። ብሌክ ይህ ሁሉ አሰልችቶት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በ1963 ዓ.ም. ለኒውዮርክ ሬንጀርስ ተለወጠ። ከዚያ እንደ በፊቱ አልቀናውም፤ በ1965 ዓ.ም. ከጨዋታ መውጣቱን አስታወቀና በቢራ ፋብሪካ ሥራ ያዘ። ቢሆንም በዚያው ዓመት የሶቪየት ኅብረት ቡድን ሞንትሪያል በመጣ ጊዜ ለወጣቶቹ ቡድን እንዲጫወት ተለምኖ ገባ፤ 2 ለ 1 አሸነፉ።

በ1968 ዓ.ም. የሴንት ሉዊስ ቡድን መልሶ ጠራው። ከዚያ ከግሌን ሆል ጋር በር እየተፈራረቀ ጠብቆ በሚቀጥለው ዓመት ሰባተኛውን የቬዚና ሽልማት ከእርሱ ጋር ተካፈለ። ሁለቱ በአጨዋወት የተለያዩ ነበሩ። ሆል ጕልበቶቹን አገናኝቶ እግሮቹን ወደ ግራና ቀኝ እየዘረጋ ይወድቅ ነበረ፤ የዛሬዎቹ በረኞች የሚከተሉት አብዛኛውን ይህንን ነው። ፕላንት ግን በእግሩ ቆሞ መጫወትን ይመርጥ ነበረ። በ1970 ዓ.ም. በመጨረሻው ውድድር ከቦስተን ጋር ሲጫወቱ፤ በመንገዷ የተለወጠች ፓክ ግንባሩ ላይ መትታ ጭንብሉን ሰበረችው፤ እርሱም ራሱን ስቶ ወደቀ። ጭንብሉ ባይኖር ኖሮ እንደሚሞት ራሱ መስክሯል። ዕድሜው 41 ዓመት ነበረ። ይህ የደረሰበት ሰው ሥራውን ቢተው ማንም አይፈርድበትም፤ እርሱ ግን ወደ ቶሮንቶ ሄዶ በሚቀጥለው ዘመን በአማካይ በአንድ ጨዋታ 1 ነጥብ 88 ግብ ብቻ እየገባበት ከማኅበሩ በረኞች ሁሉ በላጭ ሆነ።

በቶሮንቶ ሳለ በ1971 ዓ.ም. በርኒ ፓረንት የተባለ ወጣት በረኛ ወደ ቡድኑ መጣ። ፓረንት ከልጅነቱ ጀምሮ ፕላንትን የሚያደንቅ ነበረ፤ ችሎታ ነበረው፤ ነገር ግን አንድ ቀን ጎበዝ አንድ ቀን ደካማ ይሆን ነበረ። ብዙ አዛውንት ተጫዋቾች ለተተኪያቸው ምሥጢር አይገልጡም፤ ቦታቸውን ይወስድብናል ብለው ይፈራሉ። ፕላንት ግን አጠገቡ ቆሞ እግሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥ፤ ወደ መረቡ እያፈገፈገ እንዳይገባ፤ ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ አስተማረው። ፓረንት ወደ ፊላደልፊያ ከተመለሰ በኋላ በ1974 እና በ1975 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የስታንሊን ዋንጫ አስገኘ፤ በሁለቱም ዓመት የቬዚናን ሽልማት አገኘ፤ መምህሩም ፕላንት መሆኑን ሁልጊዜ ይናገር ነበረ።

በ1972 ዓ.ም. ፕላንት ስለ በረኝነት መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ዓይነት የተጻፈ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው ይባላል። ከሜዳ ውጭ የሚደረገውን የሰውነት እንቅስቃሴ፤ የመከላከያ ዕቃ አመራረጥን፤ የአጨዋወትን ዓይነቶች፤ በጨዋታው ዕለት የሚደረገውን ዝግጅት፤ እንዲሁም አሠልጣኞች ሕፃናትን እንዴት እንደሚያስተምሩ ያስረዳል። ከእርሱና ከእርሱ በኋላ ከመጡት መምህራን ትምህርት ለጀማሪ የሚጠቅመውን ጥቂቱን እንጨምር። እግሮች ከትከሻ ስፋት ጥቂት ወጣ ብለው ይቆማሉ፤ ጕልበት ይታጠፋል፤ ክብደቱ በእግር ጣቶች በኩል እንጂ በተረከዝ ላይ አያርፍም፤ የዱላው ጫፍ ከበረዶው አይነሣም፤ የግራ እጅ ተከፍቶ ወደ ፊት ይቀመጣል። ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ በአጫጭር እርምጃ ነው፤ ፓኳ ስትመታ ግን ጸጥ ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ በጕዞ ላይ ያለ በረኛ በቀላሉ ይሸወዳልና። ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መቺው ሳይመታ ቀድሞ በመውደቁ ነው። ያዳናትንም ፓክ መልሶ ወደ መካከል ከተፋት ለሁለተኛ መቺ አቀበላት ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ ማዕዘኖቹ መምራት አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አይለመድም፤ እየደጋገሙ መለማመድ ብቻ ያስገኘዋል።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ስምንት ጨዋታ ያደረጉበት ታላቅ ግጥሚያ ሰሚት ይባላል፤ በቦሌ በኩል ያለው ሰፈራችን ከስሙ ጋር ሞክሼ ነው። ሴፕቴምበር 2 ቀን በሞንትሪያል የመጀመሪያው ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት፤ ፕላንት አስተርጓሚ ይዞ ወደ ሶቪየቶቹ መልበሻ ክፍል ገባ። የ20 ዓመቱ በረኛ ቭላዲስላቭ ትሬቲያክ ደንግጦ ተመለከተው። ፕላንት ታላላቆቹ የካናዳ መቺዎች ከየት በኩል እንዴት እንደሚመቱና በረኛው የት መቆም እንዳለበት በሰሌዳ ላይ እየሣለ አሳየውና ወጣ። በዚያ ምሽት ሶቪየቶች 7 ለ 3 አሸነፉ። ካናዳ በመጨረሻ ግጥሚያውን 4 ለ 3 አሸንፋለች፤ አንዱ እኩል ተለያይተዋል። ለምን ለባዕድ መከረ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። አንዳንዱ ካናዳ በቀላሉ ታሸንፋለች ብሎ ለልጁ አዘነለት ይላል። እኛ ግን መምህርነቱ አላስቀምጠው ብሎ ይሆናል ወደሚለው እናዘነብላለን። ያም ሆነ ይህ፤ በአገሩ ቡድን ላይ ያደረገው በመሆኑ የሚነቅፈው ሰው ቢኖር ያለ አግባብ ነው አንልም።

ከዚያ በኋላ ለቦስተን፤ ቀጥሎም ለኤድመንተን ተጫውቶ፤ በ1975 ዓ.ም. ታናሹ ልጁ ስለ ሞተበት ከጨዋታ ዓለም ፈጽሞ ወጣ። ኑሮውን በስዊስ አገር አደረገ፤ ቢሆንም በረኞችን ለማሠልጠን ወደ አሜሪካና ወደ ካናዳ ይመላለስ ነበረ። በ1978 ዓ.ም. ስሙ በሆኪ የክብር አዳራሽ ተመዘገበ። በ1986 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 27 ቀን በጨጓራ ካንሰር ሕመም በጄኔቭ ሆስፒታል ዐረፈና በሲየር ከተማ ተቀበረ። ለውድድር ወደ ስዊስ የመጡ የኬቤክ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሁለት ረድፍ ቆመው የሆኪ ዱላዎቻቸውን ከላይ አጋጠሙ፤ ሣጥኑም በሥሩ አለፈ። ካናዲየንስ የለበሰውን 1 ቍጥር በ1995 ዓ.ም. ሌላ ሰው እንዳይለብሰው አደረገ፤ መጽሐፉም በ1997 ዓ.ም. በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ እንደ ገና ታተመ። ከበሩ እየወጣ ፓክ ማቀበሉን በተመለከተ ደግሞ፤ በረኞች ሁሉ ይህንን ከእርሱ ተምረው እጅግ ስለ በረቱበት፤ የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ማኅበር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከበሩ በስተኋላ በበረዶው ላይ መስመር አስምሮ፤ በዚያ በኩል በረኛው ፓኳን የሚነካበትን ስፍራ በደንብ ወስኗል።